ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ

እስከ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃታል። እትዬ በረኪና ትባላለች። ስሙን ያወጣላት የድሮ አለቃዋ ነው። «የዚች ሴትዮ ምላስ በረኪና ነው፤ የነካውን ሁሉ ያነጣል» አለ አንድ ቀን ተናዶ። እሷ ግን አልከፋትም። «ማንጣት ምን ነውር አለው? ሥራዬ አይደል እንዴ!» ብላ ስሙን ተቀበለችው።

ዕድሜዋ አርባ ዘጠኝ ነው። ሃያ ሦስቱን ዓመት የጨረሰችው እዚያው ላውንደሪ ውስጥ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከየክፍሉ በጋሪ የሚወርደውን አንሶላ ትቀበላለች፤ ደም የነካውን ካልነካው ትለያለች፤ ማሽኖቹን ትሞላለች። ውሃ የጠገበ አንሶላ ከማሽን ሲወጣ እንደ ሬሳ ይከብዳል። እሱን ጎትቶ ማውጣት፣ ወደ ማድረቂያው መሸከም፣ ከማድረቂያው ወደ ካውያው ማሻገር፣ አጥፎ መደርደር፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው። ክፍሉ በእንፋሎት ይታፈናል። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር የለም። ለነገሩ መቀመጫስ የት አለ? ለዘጠኝ ሠራተኛ ያለችው ወንበር አንዲት ናት፤ እሷም አንድ እግሯ ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፋ የሳሙና ካርቶን ተሸክማለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ወረቀት አንድ ሰኞ ጠዋት ተለጥፎ የተገኘው በዚህ ክፍል በር ላይ ነው።

«ምን ይላል?» አለች በረኪና። መነጽሯን ቤት ረስታዋለች።

ያነበበችላት ካውያ ላይ የምትሠራው ልጅ ናት። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ትንሿ ይሏታል እንጂ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የስምንት ወር ሕፃን እናት ናት።

«የስድስት ሳምንት የቤት ውስጥ ስፖርት ውድድር ይላል፣ እትዬ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አርባ አምስት ደቂቃ። በመጀመሪያው ቀን መቶ ቁጭ ብድግ፣ ሃምሳ ፑሽ አፕ፣ መቶ ዝላይ...»

«ቁጭ ብድግ? እሱማ ድሮ አስተማሪ የሚቀጣበት አልነበር እንዴ! አሁን ደግሞ ምን አጥፍተን ነው?»

ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ትንሿ ግን ንባቧን ቀጠለች። ቁጥሩ በየሳምንቱ ይጨምራል። የሠራ ሰው ራሱን በስልክ ቀርጾ ለሆስፒታሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። የየክፍሉ ነጥብ ደግሞ አርብ አርብ በዋናው መግቢያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ከታች የሰው ሀብት ኃላፊው ፊርማና ማኅተም አለ።

«በሉ ጋሪው መጥቷል» አለች በረኪና፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ መሰላት።

አላለቀም። አርብ ዕለት ነጥቡ ወጣ። አስተዳደር አንደኛ፣ ፋርማሲ ሁለተኛ፣ እያለ እያለ ወርዶ ከሁሉም ግርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ላውንደሪ፦ ዜሮ» ይላል። በዚያ በር የማያልፍ የለም። አስታማሚ ያልፋል፣ በሽተኛ ያልፋል፣ ዳቦ አቅራቢው ያልፋል። አንዲት ነርስ በረኪናን ደረጃው ላይ አግኝታት «እትዬ፣ እናንተ ሰነፍ ናችሁ ለካ!» ብላ ቀለደችባት። በረኪና ሳቀችላት፤ ቁልቁል ስትወርድ ግን ለራሷ አጉረመረመች። ዜሮ! ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት ደምና ትውከት አጥባ፣ ዜሮ!

በማግስቱ ኃላፊው ራሱ ወረደ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሸሚዙ እንደ ካርቶን የቆመ፣ ደህና ሰው የሚመስል ልጅ ነው። እንፋሎቱ ሲመታው መነጽሩ ጭጋግ ለበሰ።

«እናቶቼ፣ እናንተን ብቻ ነው የጠበቅነው» አለ መነጽሩን እየወለወለ። «ዛሬ ሰው የሚሞተው በመቀመጥ ነው። ስኳር በሉት፣ ደም ግፊት በሉት፣ ሁሉም የመቀመጥ ጣጣ ነው።»

«ልጄ፣» አለች በረኪና፣ «እስቲ ዞር ዞር በልና ወንበር ፈልግልኝ።»

ዞር ዞር አለ። የሳሙና ካርቶኑን አየ። ፈገግ አለና «ሥራ ሌላ፣ ስፖርት ሌላ ነው፣ እትዬ። ሥራ ሰውነትን ያደክማል እንጂ አይገነባም። ደግሞ ሰበብ ከተፈለገ መቼም አይጠፋም» አላት።

ሰበብ። ያቺ ቃል ናት አንጀቷን ያሳረረቻት።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገባች። ብቻዋን ናት፤ ልጇ ገና ከስልክ ጥገና ሱቋ አልተመለሰችም። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ያለችው ቦታ ሁለት እርምጃ አትሞላም። በረኪና ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ አሰረች፣ የሠፈር ሰው እንዳያያት መጋረጃውን ዘጋች፣ ቁጭ ብድግ ጀመረች። «አሳየዋለሁ» ትላለች በየመሃሉ። አሥር፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት። ሠላሳ ላይ ጉልበቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ተንቋቋ። ወደ አርባ ስትጠጋ ግድግዳው ላይ የሌሉ ኮከቦች መጡባት፤ ጆሮዋ ውስጥ ማድረቂያው የተከፈተ ያህል ጮኸባት፤ አልጋውን ለመያዝ እጇን ስትዘረጋ ስታው ወለሉ ላይ ዝርግት አለች።

ልጇ በሩን ከፍታ ስትገባ አገኘቻት።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ስፖርት እየሠራሁ ነው።»

«ተኝተሽ?»

«ይኼ ዕረፍቱ ነው» አለች በረኪና ጣራውን እያየች። ልጅየዋ ሳቋ መጥቶባት ነበር፤ የእናቷን ከንፈር ገርጥቶ ስታይ ግን ሳቁ ጠፋባት። ውሃ አምጥታ አጠጣቻት። «ሁለተኛ እንዳትሞክሪው፤ ይኼ ለማን እንደተሠራ እንኳን አይታወቅም» አለቻት። በረኪናም «እሺ» አለች። ለሥራ ባልደረቦቿ ግን ትንፍሽ አላለችም። አፈረች። የበረኪና ምላስ ያኔ ቢፈታ ኖሮ ትንሿ ከጉድ ትተርፍ ነበር። ይህን በኋላ ራሷው ደጋግማ ብላዋለች።

ምክንያቱም ያች ዜሮ ትንሿንም አንገብግባታለች። ልጅየዋ ጉንፋን ይዟት ሰንብቷል፣ ሕፃኑ ሌሊት አያስተኛትም፣ ቀኑን ካውያው ፊት ቆማ ስትጠበስ ትውላለች፣ ላብ በላብ ሆና ውሃ እንኳ የምትጠጣው ሲታወሳት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ማታ ቤቷ ስትገባ መቶ ቁጭ ብድግ፣ ሃምሳ ፑሽ አፕ፣ መቶ ዝላይ። ቪዲዮዋን ስትልክ ኃላፊው በግሩፑ ላይ «ጎበዝ! ላውንደሪ ነቃ!» ብሎ ጻፈላት። በሦስተኛው ቀን ክንዴን አመመኝ ብትል «ካላመመሽ አልሠራሽም!» የሚል መልስ፣ ከጡንቻ ሥዕል ጋር። ልጅቷም አመነችው፤ የቢሮ ሰው ተሳስቶ ማኅተም ይመታል ብላ አላሰበችም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት በረኪናና ትንሿ አንድ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲያጥፉ የትንሿ እጅ አልነሣም አለ። ጭኗም አብጦ ሱሪዋን ወጥሮታል።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ስፖርቱ ነው፣ እትዬ። ይለቃል አሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን... ሽንቴ ከትናንት ጀምሮ እንደ ከረመ ሻይ ጠቁሯል። እሱም የስፖርት ነው ይሆን?»

በረኪና አንሶላውን ለቀቀችው። ወለል ላይ የወደቀ አንሶላ እንደገና ይታጠባል፤ ያን ቀን ግን ማን ግድ አለው። «ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ሽንት አጥቤያለሁ፤ ጤነኛ ሰው እንዲህ አይሸናም» አለችና ትንሿን በብብቷ ደግፋ ባዶ የአንሶላ ጋሪ ላይ አስቀመጠቻት። በሠራተኛ ሊፍት አውጥታ፣ በኮሪደሩ እየገፋች፣ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለች ድንገተኛ ክፍል አስገባቻት።

የተቀበለቻቸው ሐኪም ቀጠን ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ወጣት ሴት ናት። ደምና ሽንት አስመርምራ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

«ጡንቻ ያልለመደውን ሥራ በአንድ ጊዜ ሲጭኑበት ይፈርሳል» አለች። «ፍርስራሹ ደም ውስጥ ይገባና ኩላሊትን ይጎዳል። አንድ ሁለት ቀን ብትዘገዩ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። ተኝታ ግሉኮስ ትወስዳለች። ለመሆኑ ጉንፋን ላይ፣ ሙቀት ውስጥ፣ ሳትተኛ፣ ይህን ሥሪ ያላት ማነው?»

«እናንተ» አለች በረኪና።

ሐኪሟ አልገባትም። በረኪና ከኪሷ ያን ወረቀት አወጣች፤ ሊፍቱን ስትጠብቅ ከበሩ ላይ ገንጥላው ነበር። ሐኪሟ እስከ መጨረሻው አነበበችው። የሆስፒታሉን ማኅተም በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

ትንሿ አምስት ቀን ተኛች። ሕፃኑን አያቱ ጡጦ እያጠባች ሰነበተች። በረኪና በሁለተኛው ቀን ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች። ሦስት ፎቅ። በየመዞሪያው እየቆመች ነው የወጣችው።

ኃላፊው ደንግጧል፤ ሰምቷል። «በጣም አዝኛለሁ፣ እትዬ» አለ፤ ከልቡም ይመስላል። ቀጥሎ የተናገረው ነው ሁሉን ያበላሸው። «ግን እኮ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከግርጌው ይመልከቱ።»

በረኪና አሁን መነጽሯን ይዛለች። አደረገችው። ከማኅተሙ በታች፣ ጉንዳን ከምትሄድበት በቀጠነ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ «ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የልጅቷ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም፤ ኃላፊነት ግን የጋራ...»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ስማኝ፣ ልጄ። ቁጭ ብድጉን በትልቁ ጻፍከው፤ ዝላዩን በትልቁ ጻፍከው፤ ዜሮዬን በቀይ ጻፍካት። ሰው የሚያድነውን አንዱን ቃል ግን ደበቅከው። ደግሞስ የትኛውን ሐኪም ነው የምናማክረው? እኛ ላውንደሪዎች ቅጥራችን በሌላ ድርጅት በኩል ነው፤ የሠራተኛ ክሊኒክ ካርድ የለንም ተብለን ከበር የተመለስን ሰዎች ነን። ለውድድር ሲሆን ሠራተኞች፣ ለሕክምና ሲሆን እንግዶች! የሐኪም ጋውን አጥበን፣ ተኩሰን፣ አጥፈን እንልካለን፤ ጋውኑን የሚለብሰውን ሰው ግን ማማከር አንችልም!»

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «እትዬ፣ እኔ ለጤናችሁ ብዬ ነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን ቢሮ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ በስኳር እግሩን አጣ። ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ይህን ስትሰማ ንዴቷ ትንሽ ረገብ አለ። «አባትህ ያሳዝናል» አለች። «ግን ለአባትህ የሚሆነው መድኃኒት ለእኔ መርዝ ሊሆን ይችላል። ለጤናችን ያሰበ ሰው መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ምን ትሠራላችሁ? ምን ያማችኋል? አንተ አንዱንም ሳትጠይቅ ሰበብ አልከኝ።» በሩን ከፍታ ወጣች።

ሐኪሟ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የሠራተኞች ክሊኒክ ውስጥ እንደምትውል ለትንሿ ነግራታለች። በረኪና ይህን ስትሰማ ሐሳብ መጣላት። ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ማሽኖቹን ሞልተው ካስነሡ በኋላ ከትንሿ በቀር የቀሩት ስምንቱ የላውንደሪ ሠራተኞች፣ ስድስት ሴትና ሁለት ወንድ፣ ሰማያዊ ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ ሁለተኛ ፎቅ ወጥተው ተሰለፉ።

«ካርድ?» አለች መዝጋቢዋ።

«የለንም።»

«ያለ ካርድ አላስገባም፣ እትዬ። መመሪያ ነው።»

«እኛም መመሪያ ይዘናል» አለች በረኪናና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሐኪም አማክሩ ይላል። የናንተው ማኅተም ነው። ልናማክር መጥተናል። እምቢ የምትይ ከሆነ እምቢታሽን ከሥሩ ጻፊልኝና ፈርሚበት።»

መዝጋቢዋ ወረቀቱን አየች፣ ሰልፉን አየች፣ ብዕሯን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከኋላ የተሰለፉት የአስተዳደር ሠራተኞች ማጉረምረም ጀመሩ። አንደኛው «ሥራ የላችሁም እንዴ?» ሲል ከወንዶቹ አንዱ ዞር ብሎ «አለን፤ የተኛህበት ቀን አንሶላ ያስፈልግሃል» አለው። ጫጫታውን ሰምታ ሐኪሟ ከክፍሏ ወጣች። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችው።

«አስገቢያቸው» አለች መዝጋቢዋን። «አንድ በአንድ።»

ከሁሉ መጀመሪያ በረኪና ገባች። ሐኪሟ ክብደት ለመለካት አልቸኮለችም። ጥያቄ ብቻ ነበር የምትጠይቀው። ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ይጫንዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ራስዎን ስተው ያውቃሉ? ቤተሰብ ውስጥ ሳያረጅ ድንገት የሞተ አለ? የትኛው መጋጠሚያ ያምዎታል? መድኃኒት ይወስዳሉ? በቀን ስንት ሰዓት ቆመው ይውላሉ? ስንት ሰዓት ይተኛሉ? በረኪና እየመለሰች ሳለች ድንገት ዓይኗ እንባ አቀረረ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ይህን የጠየቃት የመጀመሪያዋ ሰው ነበረች። ለልጇ ካልሆነ ለማንም ያልተናገረችውን የዚያን ቅዳሜ ነገር፣ ኮከቦቹን፣ የጆሮዋን ጩኸት፣ ወለሉን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው።

ግፊቷ ሲለካ መቶ ሰባ በመቶ አምስት ሆነ።

«መቼ ነው ግፊት እንዳለብዎ ያወቁት?»

«አሁን።»

ሐኪሟ መለኪያውን ቀስ ብላ ፈታችው። «እንግዲህ ያን ዕለት መቶውን ሳይጨርሱ መውደቅዎ በጀዎት» አለች። «ግፊቱ በመድኃኒት እስኪረጋ ድረስ ዝላይም፣ ፑሽ አፕም፣ ቁጭ ብድግም የለም። በእግር መሄድ ይችላሉ። እየሄዱ ከሰው ጋር ማውራት ከቻሉ ልክ ነው፤ ወሬው ከተቆራረጠ ፈጥነዋል፤ ቀዝቀዝ ይበሉ። ደረት ከጫነዎት ወይም ካዞረዎት ያኔውኑ ያቁሙ፣ ይምጡ።»

«ስፖርት መጥፎ ነው ማለት ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ እትዬ! ጥሩ ነው። ግን ቀን ሙሉ ለተሸከመ ጡንቻ ዕረፍትም ሥራው ነው። የጡንቻ መዛል በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። ካበጠ፣ ከባሰ፣ ሽንት ከጠቆረ ግን የሰውነት ጩኸት ነው። ወረቀቱ የእርስዎን ሰውነት አያውቀውም።»

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሁሉንም አየቻቸው። ሁለቱ ጤነኞች ናቸው፤ ግን ከታዘዘው ቁጥር ሩቡን ብቻ ይጀምሩ፣ አንድ ቀን ሠርተው አንድ ቀን ይረፉ ተባሉ። አራቱ የጉልበት፣ የወገብ፣ የአስም ጣጣ ተገኘባቸው፤ ለእያንዳንዳቸው የሚሆነውንና የማይሆነውን በብጣሽ ወረቀት ጻፈችላቸው። በረኪናና አንደኛው ወንድ ግን መጀመሪያ መታከም አለባቸው ተባለ። ሰውየው የልብ ምቱ ይዘላል። ወረቀቱ በሁለተኛው ሳምንት በቀን ሁለት መቶ ዝላይ አዞለት ነበር። በረኪና ይህን ስትሰማ ለራሷ የያዘችው ንዴት ሁሉ እጥፍ ሆነ።

ሐኪሟ በዚያው ቀን ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ ጻፈች። በሳምንቱ ነጥቡ ከሰሌዳው ወረደ። መርሃ ግብሩ ቀረ ሳይሆን ተሻሻለ ተባለ፤ ከፊቱ የጥያቄ ገጽ ገባበት፣ ሐኪም ያማክሩ የሚለውም በትልቁ ከላይ ተጻፈ። ኃላፊው አንድ ቀን ወርዶ ትንሿን ፊት ለፊት ይቅርታ ጠየቃት። ይቅር አለችው። በረኪና ግን «እኔ ገና እያሰብኩበት ነው» ብላ ጋሪዋን ገፋች።

እንዴት አታስብበት? በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ያ ሰው «ለሠራተኞች ጤና ላደረገው አስተዋጽኦ» ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ ተጨበጨበለት። ትንሿ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ቀርታ ስትመለስ ደግሞ ከትራስ ልብስ የሚከብድ ነገር አታነሺ ተብላ ነበር፤ ለእሷ የተጨበጨበላት የለም። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ለላውንደሪዎች የተሰጠው የክሊኒክ ካርድም «ለዚህ ወር ብቻ» የሚል ማኅተም ነበረበት። ወሩ አለቀ፤ ካርዱም አለቀ። የበረኪና የግፊት መድኃኒት ግን በየወሩ የሚታዘዝ ነው።

ስለዚህ በረኪና ደብዳቤ አስጻፈች። የጻፈችላት ልጇ ናት፤ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ስድብ ነው፣ ይውጣ» እያለች ሦስት ጊዜ ከለሰችው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ከሐኪም ጋር እንድንማከር ካዘዛችሁን፣ ሐኪሙን ስጡን። ከዘጠኙ ሰባቱ ፈረሙ፤ ሁለቱ ውላችን ይቋረጣል ብለው ፈሩ። አልተቆጣቻቸውም፤ ፍርሃታቸውን ታውቀዋለች። ደብዳቤውን ይዛ ራሷ ወጣች፤ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ተቀብላ ቁጥር ሰጠችውና ግልባጩ ላይ ማኅተም አሳረፈችላት።

ይኼ ከሆነ አራት ወር አለፈው። መልስ አልመጣም። በረኪና ሰኞ ሰኞ የጠዋቱን ማሽን አስነሥታ ትወጣና ጸሐፊዋን «የኛ ነገር ምን ደረሰ?» ብላ ትጠይቃለች። «ገና ነው፣ እትዬ» ትላታለች። «እሺ፣ የሚቀጥለው ሰኞ እመጣለሁ» ብላ ትወርዳለች።